የሻንጣ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 23/2018

የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!

መግቢያ

ለዕረፍት አገሩ ገብቶ ወደ ትምህርቱ የሚመለስ ተማሪ ሻንጣ ከደብተር ይልቅ በርበሬ ማመላለሻ እየሆነ በመምጣቱ፤

ሁለት ሻንጣ፣ ለእያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚለው የበረራ ደንብ በሰፈራችን «46 ኪሎ ለጎረቤት» ተብሎ የተተረጎመ በመሆኑ፣ ከዚህም ውስጥ ዘንድሮ ለባለቤቱ የደረሰው 9 ኪሎ ብቻ በመሆኑ፤

በጀርመን የዊንተር ሴሚስተር መስከረም 21 ቀን ስለሚጀምርና ተማሪው የሚነሳው በመስቀል ማግስት ስለሆነ፣ ይህም በየቤቱ ቅቤ ያልጠፋበት ሰሞን በመሆኑ፤

እንዲሁም፣ በተለይም፣ ከሁሉም በላይ፣ በእትዬ እገሊት ቅቤ ምክንያት (በአንቀጽ 5 እንመለስበታለን)፤

በተማሪዎች ማደሪያ ሦስተኛ ፎቅ፣ 12 ካሬ በሆነች ክፍል፣ አንድ አባል በተገኘበት ጉባኤ፣ ያለ ተቃውሞና ያለ ድምፀ ተአቅቦ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የሻንጣ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 23/2018» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። እናቴ ፊት ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

(1) «ትንሽ ዕቃ» ማለት ከ2 ኪሎ የማያንስ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ በስኮች የተጠመጠመ፣ ሻንጣው ተዘግቶ ከተቆለፈ በኋላ የሚደርስ ማንኛውም ነገር ነው።

(2) «ቀላል ናት» ማለት ላኪዋ ዕቃውን በሁለት እጇ ታቅፋ የምትናገረው ቃል ነው።

(3) «ጀርመን» ማለት ሐበሻ ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖርባት፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በነጠላ ጫማ የሚኬድባት አገር ናት።

(4) «ውጭ ያለ ልጅ» ማለት ቪዛ ለማግኘት በዝግ ሒሳብ ካስቀመጠው 11,904 ዩሮ በየወሩ 992 የሚለቀቅለት፣ ከዚያ ላይ የቤት ኪራይና የጤና መድን ከፍሎ የተረፈውን በሳንቲም የሚቆጥር፣ በዓመት ከ140 ሙሉ ቀን በላይ እንዳይሠራ የተገደበ፣ በሰፈሩ ግን ባለሀብት ተብሎ የተመዘገበ ሰው ነው።

(5) «አደራ» ማለት፦ ለጊዜው ክፍት ሆኖ ይቆይ።

አንቀጽ 3. የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ ከቦሌ ተነስቶ ወደ ትምህርቱ በሚመለስ ተማሪ ሻንጣ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። ቻይና፣ ሕንድና ቱርክ የምትማሩ የየራሳችሁን አውጁ።

አንቀጽ 4. ስለ ሌሎች ጉዳዮች

ስለ መኖሪያ ፈቃድ ዕድሳት፣ ስለ ሴሚስተር ክፍያ፣ ስለ ፈተና ምዝገባ፣ ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ስለሚጨልመው ኅዳር፦ እንደነበረው ይቀጥላል።

አንቀጽ 5. ስለ ቅቤ

(1) ማንኛውም ሰው በተማሪ ሻንጣ ቅቤ መላክ አይችልም።

(2) በንዑስ አንቀጽ (1) የተደነገገው ቢኖርም፣ ላኪዋ የሚከተሉትን ካሟላች ማመልከቻዋ ሊታይ ይችላል፦

ሀ) ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ መግባት እንደማይፈቀድለት አንብባ፣ ወይም አስነብባ፣ በፊርማዋ ካረጋገጠች፤

ለ) በማረጋገጫው ላይ «እሱ ለነጋዴ ነው፣ ተማሪ ማን ይፈትሻል» የሚል ካልጨመረች፤

ሐ) «የእነ እገሌ ልጅ ባለፈው አሳልፎ የለ እንዴ» የሚልም ካልጨመረች፤

መ) የተነጠረ ቅቤ ቅመም እንጂ ቅቤ አይባልም የሚል ክርክር ካላነሳች። ኮረሪማ፣ ኮሰረትና እርድ ገቡበት ማለት ቅቤው ከላሟ ተፋታ ማለት አይደለም።

(3) በንዑስ አንቀጽ (2) ፊደል ተራ (ሀ) ላይ የሚከተሉት ልዩ ሁኔታዎች ተፈቅደዋል፦

ሀ) ታሽጎ ለገበያ የቀረበ የሕፃናት የዱቄት ወተት እስከ 2 ኪሎ ይገባል። ሆኖም እትዬ እገሊት ዛሬም ድረስ «ይሄ ሕፃን» ብለው ቢጠሩኝም፣ የ24 ዓመት ሕፃን በዚህ ድንጋጌ መጠቀም አይችልም፤

ለ) ማር እስከ 2 ኪሎ ይገባል። በማር ዕቃ ውስጥ የተደረገ ቅቤ ግን ማር አይሆንም። ይህን የምደነግገው ሐሳቡ በቁም ነገር ስለቀረበልኝ ነው። «ከላይ ትንሽ ማር ቀባ ብናደርግበትስ?» ተብያለሁ፤

ሐ) ቅቤውን ፀጉር ላይ ተቀብቶ ስለመግባት ሕጉ ያለው ነገር የለም። በጉዳዩ ላይ ወደፊት መመሪያ ይወጣል።

(4) ክልከላው ከምቀኝነት የመጣ አይደለም። ከብት የሚፈጅ በሽታ በሥጋና በወተት ተዋጽኦ ተሳፍሮ ድንበር ስለሚሻገር ነው። ጥር 2 ቀን 2017 በርሊን አጠገብ ባለችው በብራንደንቡርግ ክልል የውሃ ጎሾች መንጋ ውስጥ አፍተግር ተገኘ ተባለ። አገሪቱ ይህን በሽታ ከ1988 እ.ኤ.አ. ወዲህ አይታው አታውቅም ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም 3 ኪሎ ቅቤ ይዞ ጉምሩካቸው ፊት መቆም ማለት፣ የእህል ጎተራ በተቃጠለ ማግስት ክብሪት ይዞ ለቅሶ መድረስ ማለት ነው። ይህን ለእትዬ ነግሬያቸው ነበር። «የኔ ቅቤ ንጹሕ ነው፣ ከማውቃት ሴት ነው የምገዛው» አሉ። ጨዋ መልስ ነው፣ እንከን የለውም። ጎሾቹ ግን አልሰሟቸውም።

(5) ስለ አያያዙ፦ አዋጅ አውጪው መስከረም 19 ቀን ጠዋት «የማስመዘግበው የለኝም» በሚለው በር ሲወጣ ወደ ጎን ተጠራ። ጓንት ያጠለቀች ሴት ሻንጣውን ከፈተች። ከላይ የሰው ነጠላ። ከሥሩ የሰው በርበሬ። ከበርበሬው ሥር የሰው ድርቆሽ፤ ይህን አንስታ ወደ ብርሃኑ አቅርባ ስታየው፣ እንጀራ ነው፣ የደረቀ እንጀራ ነው፣ ብዬ አስረዳሁ፣ እንጀራ ምን እንደሆነም አስረዳሁ። ከዚያ ነጩ የፕላስቲክ ባልዲ ወጣ። አፉ በላስቲክ ታስሮ ዙሪያውን በስኮች ተጠምጥሟል፤ ስኮቹ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተቀባይዋ ስምና ከሥሩ «አደራ» የሚል ቃል ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። በትንሽ ቢላ ፈታችው። ክዳኑ ሲነሳ ያ ቀዝቃዛ አዳራሽ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ሸተተ። ሴትየዋ ለአፍታ እጇን አቆመች። እንደ እውነቱ ከሆነ ሽታው የመሰጣት መሰለኝ።

«ቡተር?» አለችኝ።

መድኃኒት ነው ልላት ነበር። የአያቴ የወገብ መድኃኒት። ግን ዋሽቶ የማያውቅ አፍ ጠዋት በአንድ ሰዓት አይጀምርም። «አዎ፣ ቅቤ ነው» አልኩ። አንስታ ጎኗ ካለው ትልቅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ለቀቀችው። ድው አለ። ሰው የወደቀ ነው የሚመስለው። ወረቀት ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ።

(6) ስለ ማስረጃ፦ አዋጅ አውጪው የወረቀቱን ፎቶ በዚያው ዕለት በቴሌግራም ላከ። ከእትዬ በኩል የተሰጠው አስተያየት «ወረቀቱ በጀርመንኛ ነው፣ ምን እንደሚል ማን ያውቃል» የሚል ነው። ስለሆነም ከዚህ በኋላ ቅቤ የሚጥል ማንኛውም የጉምሩክ ሠራተኛ ወረቀቱን በአማርኛ የማዘጋጀት፣ በቅቤው አጠገብ ቆሞ ፎቶ የመነሳትና ከተቻለ በስልክ ለላኪዋ ይቅርታ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

(7) ስለ ውሳኔው፦ ስልክ ደወልኩ። ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሕግ፣ ጎሾች፣ ወረቀት፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ይዤ ነበር። አልተቆጡም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግድ የለም የኔ ልጅ» አሉ። «ይጣፍጥህ።»

ይጣፍጥህ! ሦስት ኪሎ! በዚህ አንቀጽ አፈጻጸም «ይጣፍጥህ» ማለት ይግባኝ የማይባልበት የመጨረሻ ፍርድ ነው። ቢሰድቡኝ እከራከር ነበር። ቢያለቅሱ አብሬ አለቅስ ነበር። የተመረቀ ሰው ምን መልስ አለው? አሜን ልበል? አሜን ብል በላሁ ማለት ነው። ዝም ብል በላሁ ማለት ነው። አልበላሁም ብል ደግሞ «ኧረ ማን በላህ አለ?» ነው የሚመጣው።

(8) ይህ ንዑስ አንቀጽ የሕግ ቋንቋ ይጎድለዋል። ይጉደለው።

መስከረም 18 ማታ ቦሌ አንዱ ሻንጣዬ ልክ 23 መጣ። ሁለተኛው ሚዛን ላይ ወጥቶ 26 ከ700 አለ። ልጅቷ ሚዛኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ከኋላዬ ያለውን ሰልፍ አየች። «ቀንሰህ ና» አለችኝ። ከሚዛኑ ጎን መሬት ላይ ተንበርክኬ ሻንጣዬን ከፈትኩት፤ እንደኔው የተንበረከኩ ሦስት ሰዎች ነበሩ። እናቴ ውጭ መኪና ማቆሚያው ጋ ነበረች፣ የሸኘ ሰው አውሮፕላኑ ሳይነሳ አይሄድም ባይ ናት። ደወልኩላት።

«የእትዬን ቅቤ ላውጣው፣ እማዬ?»

«እንዴ! የሰው አደራ? የኔን አውጣው።»

የእሷ ጋቢ ነበር። ያለኝ ጋቢ አርጅቷል ብላ ክረምቱን ሙሉ ስታስፈትልና ስታሸምን የከረመችው አዲስ ጋቢ። ሌላው ሁለት ኪሎ በሶ፣ ራሷ ቆልታ ያስፈጨችው። ሁለቱንም ይዤ ወጥቼ በአጥሩ ላይ አቀበልኳት። ጋቢውን ክንዷ ላይ ጣል አደረገችው፣ በሶውን በብብቷ ያዘች፣ በሌላ እጇ «ግባ፣ ግባ፣ እንዳያመልጥህ» አለችኝ። የሚከብዳት አትመስልም ነበር።

ጋቢና በሶ የሚከለክል ሕግ በአውሮፓ የለም። አንድም የለም። ያኛዋ ጓንት ያጠለቀችው ሴት ጋቢውን ብታገኝ አጥፋ ትመልስልኝ ነበር።

በሳምንቱ ሌላ ነገር ሰማሁ፤ ከእናቴ አይደለም፣ ከእህቴ ነው። እናቴ መርካቶ ወርዳ ሦስት ኪሎ ቅቤ ገዝታ ለእትዬ እገሊት መልሳለች። በጡረታዋ። እትዬም ተቀብለዋል! ሃያ ዓመት ቡና አብረው የጠጡ ጎረቤታሞች ናቸው። «ባትመልሺው ምን ነበረበት?» ብዬ ደወልኩ። «ስምህን እንዲያነሱት አልፈልግም» አለችኝ፤ ቀጥላ ብርድ ጀመረ ወይ፣ ምን ለብሰህ ነው የምትተኛው አለችኝ።

የአንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ (5) ትርጓሜ ከዚህ በላይ በተጻፈው ተሟልቷል።

አንቀጽ 6. ቅጣት

አንቀጽ 5ን የተላለፈች ላኪ፦ ለቪዛ ቀጠሮ ራሷ ትመዝገብ፣ ራሷ ትጠብቅ፣ ቅቤዋን ራሷ ይዛ ትግባ።

አንቀጽ 7. የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች

(1) ይህ አዋጅ ሲወጣ በአዋጅ አውጪው አልጋ ሥር የሚገኙ ዕቃዎች ባለቤቶቻቸው እስኪመጡ ድረስ ባሉበት ይቆያሉ። እነዚህም የአንድ ሙሽራ ነጠላ፣ አንድ ጀበናና (እጀታው ተሰብሯል፣ ስመጣም ተሰብሮ ነበር) 3 ኪሎ በርበሬ ናቸው።

(2) የበርበሬው ባለቤት በክልል ባቡር የሰባት ሰዓት መንገድ የሚርቅ ሰው ሲሆን፣ በየወሩ በሚቆረጠው ትኬት ቅዳሜ መጥቶ እንደሚወስድ ቃል ገብቷል። እስከ ዛሬ አምስት ቅዳሜ አልፏል። በየቅዳሜው ክፍሌን እጠርጋለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ፣ ማታ ላይ «ሳምንት» የሚል መልእክት ይመጣል።

(3) በርበሬው ክፍሉን ሞልቶታል። ማብሰያ ቤት የሚጋራኝ ጀርመናዊ በሬ ላይ ቆሞ በጨዋነት ያስነጥሳል። በዚህ ምክንያት፣ እንዲሁም ምስር ያለ በርበሬ ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሁሉ ግልጽ በሆነ ምክንያት፣ አዋጅ አውጪው ጥቅምት ሲገባ የፌስታሉን ጫፍ በትንሹ ከፍቷል። ለማናፈስ ነበር። ከዚያ ለመቅመስ። ከትናንት ወዲያ በሻንጣ ሚዛኑ ላይ ሰቅዬ አየሁት፤ 2 ኪሎ ከ400 ነው።

(4) በንዑስ አንቀጽ (3) የተገለጸው በምንም መልኩ የአንቀጽ 5ን ጉዳይ እንደገና ለመክፈት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም። ቅቤውን አልበላሁም።

አንቀጽ 8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ጥቅምት 27 ቀን 2018 ዓ.ም. ተጽፎ ተፈርሟል። አልተለጠፈም፤ እትዬ እገሊትም ግሩፑ ውስጥ ናቸው።