መልኩን የለወጠው መጽሔት

ለቼዝና ለመስቀለኛ ቃላት ወዳጆች የሚታተመው አንድ መጽሔት፣ የነሐሴ 13 የጅራፍ ጩኸት ገና ሳይበርድ ደብረ ታቦር ሲደርስ፣ በዓሉን አክብሮ ይመስላል፣ እርሱም መልኩን ለውጦ ተገኘ። ቀድሞ በደቃቅ ፊደል ይጨናነቅ የነበረው የመልስ ገጽ ዛሬ እንደ ባሕታዊ በዓት ባዶ ሲሆን፣ ከኅዳጉ ሥር ጥቁር ጠቃጠቆ ያለበት አራት ማዕዘን ተቀምጦ «መልሱን በድረ ገጻችን» ይላል።

ይህም ለእኛ ለደቡብ ጎንደር ሰዎች ታላቅ ጸጋ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየ ጊዜ፣ መልስ ሰርቆ ማየት የሚባለው ኃጢአት ከጉና ተራራ ግርጌ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበርና። አባቶቻችን በጋፋት የተሠራውን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን የሴባስቶፖል መድፍ በገደልና በሸለቆ ጎትተው መቅደላ አድርሰዋል፤ የአዘጋጆቹ ሊቅነት ግን ቅንጣት ክብደት የሌለውን መልስ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር እንዳይደርስ ማድረጋቸው ነው።

በሚቀጥለው እትም ጥያቄውም ወደ ድረ ገጹ እንደሚሻገር፣ ለአንባቢው ንጹሕ ወረቀት ብቻ እንደሚቀርብለት፣ ዋጋውም ወረቀት ስለ ተወደደ እንደሚጨምር ተነግሮናል። ከወዲሁ ግን በገበያው ዳር ያሉት ቆሎ ሻጭ እናት ቀለም የማይለቅ መጠቅለያ ስላገኙ አዘጋጆቹን መርቀዋል።