ዱላ ቁስል አያሽርም

ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ ከቶም ምቦያ ሐውልት ፊት ለፊት፣ በማታቱ ሚኒባሶች መሃል የሚሽሎከሎክ አንድ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ)፦ እናት፣ ሕፃን፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ። ሄልሜት ያደረገው ነጂው ብቻ!

«ቅርብ ነው፤ ምን ይሆናል?»
አስፋልት ርቀት አይጠይቅም፤ የወደቀውን ሁሉ ይመታል።

«ልጄ ወድቆ ነበር፤ ስፌቱ ተፈታ፣ ሲቲ ስካኑም ደህና ነው፤ ድኗል።»
ቆዳውስ ድኗል፤ ትኩረቱን ማን አየለት? ሲቲ ስካን የፈሰሰ ደምና የተሰበረ አጥንት ያሳያል እንጂ፣ መምህሩ ሦስት ነገር ሲያዝ ልጁ ሁለቱን እንደሚጥል አያሳይም።

«ልጅ አይደል? ይረሳዋል።»
እትዬ፣ የቸገረን እሱ ነው፤ ትናንት ያጠናውንም እየረሳ ነው! የልጅ አንጎል ገና በመሠራት ላይ ነው፤ ማቀድንና ራስን መግታትን የሚመራው የፊተኛው ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ያድጋል። በ6 ዓመቱ የደረሰ ጉዳት ፊደል ሲቆጥር ሳይታይ፣ ክፍልፋይና ድርሰት ሲመጣ ብቅ ሊል ይችላል።

«ከምሳ በኋላ ያንቀላፋል፤ ሰነፍ ነው።»
ጋሼ፣ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን የወጡትን ዳገት እሱ ድንጋይ ተሸክሞ ነው የወጣው። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል።

«ዱላ ቢቀምስ ይነቃል።»
ምት ያበላሸውን ምት አያቃናውም! ኬንያም በ2001 እ.ኤ.አ. ዱላን ከትምህርት ቤት አስወጥታለች።

«የእኔ ልጅ አልወደቀም፤ ወባ ነው የያዘው።»
ወባም ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ያው ነው። በኬንያዋ ኪሊፊ የተደረገ ጥናት፣ ከአንጎል ወባ ከተረፉ ልጆች ከ4 አንዱ ገደማ በማስታወስ፣ በቋንቋ ወይም በመሳሰለው ችግር እንደገጠመው አሳይቷል።

«ታዲያ ምን እናድርግ?»
እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ጉዳቱን ለመምህሩ ንገሩ። ልጁ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፤ ከዚያ በግማሽ ቀን ይጀምር። ትእዛዙ አጭርና አንድ በአንድ ይሁን፤ በየመሃሉ ይረፍ፤ ለፈተና ተጨማሪ ሰዓት ይሰጠው። ኬንያ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ምዘና ማዕከላት አሏት፤ ወስዳችሁ አስመርምሩት።

«ያሳፍራል፤ ሰው ምን ይላል?»
ሰውማ ያለውን ብሏል፤ «ሰነፍ» ብሎታል። አሁን ተራው የእናንተ ነው፤ «ልጄ ተጎድቷል፤ አግዙት» በሉ።