ዘንዶ በዳይስ አይገደልም

እናንተ የኔ ዘመን ሰዎች፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰክታችሁ ቤቱን ሁሉ የምትበረብሩ፣ እስቲ ፍረዱኝ። ዳቦው ቀጠነ፣ ቻልነው። ቅቤው ውስጥ ሙዝ ገባ ተባለ፣ እሱንም በሚጥሚጣ ደብቀን ቻልነው። አሁን ግን ውሸቱም ተበላሸ! ድሮ ሰው ሲዋሽ እንኳ ለሰሚው አዝኖ፣ አሳምሮ፣ በሦስት ስኒ ቡና ውስጥ ይጨርስ ነበር። የዛሬው ውሸት ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባለ ዕድሜያችንን ይበላል።

የምኖረው ጎፋ ኮንዶሚኒየም፣ ከልጄ ጋር ነው። የልጅ ልጄን ፋንታሲና ሳይንስ ፊክሽን የሚባል ነገር ለክፎታል። መጽሐፉ እሱ፣ ፊልሙ እሱ፣ ጨዋታው እሱ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላይም። ሶፋው አንድ ስለሆነ ብቻ ነው አጠገቡ የምቀመጠው።

ዱን የሚሉት ፊልም አለ። የመጀመሪያው ክፍል 2 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ይፈጃል፣ ያውም አሸዋ ለማሳየት። አሸዋው ውስጥ ባቡር የሚውጥ ትል አለ። ሰዎቹ ትሉ እንዳይሰማቸው እግራቸውን እየጎተቱ፣ አንዴ ቆም አንዴ ሸርተት እያሉ ይሄዳሉ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ወደ ሽንት ቤት የምሄደውን አካሄድ ነው በዚያ ሁሉ ገንዘብ የቀረጹት። ዘመኑ ስንት ነው ብል 10191 አለኝ። ጡረታዬ ወሩን መዝለቅ አቅቶት ይሄ ልጅ አሥር ሺህ ዓመት ያሻግረኛል! “በኛ አቆጣጠር ከሆነ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል” አልኩት። “አባባ፣ እሱ እኮ የፈረንጅ አይደለም፣ የራሳቸው አቆጣጠር ነው” አለኝ። ድንቄም የራሳቸው! በ2024 እ.ኤ.አ. ሁለተኛውን ክፍል አወጡ፣ 11 ደቂቃ ጨምረውበት። ሦስተኛውን ደግሞ ዛሬ ነገ እያሉ ያስጠብቁኛል። የኔን ዕድሜ ሰው እንዲህ በጉጉት ማንጠልጠል ነውር አይደለም?

ኧረ ወዲያ! እኛ ምን አጣን? ክብረ ነገሥትን ግለጡ። ሰሎሞን ለንግሥት ማክዳ በባሕር የሚሄድም በአየር የሚሄድም መጓጓዣ ሰጣት ይላል። ልጃቸው ታቦተ ጽዮንን ይዞ ሲመጣ ሠረገላው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ የ13 ቀኑን መንገድ በአንድ ቀን ጨረሰው። ነዳጅ ሰልፍ ያዘ? ረዳት “ዳር ዳር ያዙ” አለ? እኔ ከጎፋ ፒያሳ ለመድረስ ስንቅ ቋጥሬ ነው የምወጣው። ይሄ ልጅ ታዲያ የሚበር መኪና በፊልም አሳይቶ ሊያስደንቀኝ ይፈልጋል። ልብ በሉ፣ የኛው ታሪክ ነው። ልብ ወለድ የምለው የነሱን ነው።

መጽሐፈ ሄኖክንስ ቢሆን? ሌላው ዓለም ሲጥለው ሙሉውን በግእዝ አቅፈን ያቆየነው እኛ ነን። ጄምስ ብሩስ የሚባል ስኮትላንዳዊ መጣ፣ ጠጅ ጠጣ፣ በ1773 እ.ኤ.አ. ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ገባ። ያኔ ብኖር ጓዙን አስፈትሽ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሰማይ የወረዱ ትጉሃን አሉ፣ ከነሱ የተወለዱ ቁመታቸው 3000 ክንድ የሆነ ረዓይት አሉ፤ ሳይጋነን፣ በልኩ ተጽፎ የኖረ ነገር ነው። ሆሊውዶች በ2014 እ.ኤ.አ. ኖኅ ብለው ፊልም ሲሠሩ ትጉሃኑን ምን ቢያደርጓቸው ጥሩ ነው? የድንጋይ ክምር! ኮብልስቶን ሊያነጥፉባቸው መሰላችሁ እኮ። አይ ጊዜ።

በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ እዚሁ አገራችን ክራምብስ የሚባል የሳይንስ ፊልም ተሠራ ብሎ ልጁ አመጣልኝ። አዘጋጁ ሚጌል ያንሶ የሚባል እስፓኛዊ ነው፤ ተዋንያኑ የኛዎቹ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ። እሰይ አልኩ። ተቀመጥኩ። ዓለም አልቃለች፣ ሰማይ ላይ የዛገ መርከብ ተንጠልጥሏል፣ ባልና ሚስቱ ቦውሊንግ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ከጥንት የተረፈ ውድ ዕቃ ተብሎ የሚከበረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የልጅ መጫወቻ ፕላስቲክ! እኔ ቤት አልጋ ሥር በካርቶን ሙሉ አለ፤ ልጄ ጣል ስትለኝ እንቢ ያልኩት ለካ ወደፊት ስለማይ ነው። ብቻ ሰውዬው ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ የሚፈልገው ማንን ነው? የገና አባትን። አባቴ፣ ሳሪስ አቦ ሁለት ፌርማታ ነው! 60 አንበሳና 60 ነብር አስከትለው የኖሩ ጻድቅ እያሉን ቀይ ለብሶ አጋዘን የሚነዳ ሽማግሌ ፍለጋ? ደግሞ በ68 ደቂቃ አለቀ። ሰው ገና ከመመቻቸቱ! የዛሬ ሰው ምንም ነገር አስረዝሞ መጨረስ አይችልም።

ፊልሙ መሐል ላይ ዋይፋይ ሲጠፋ ልጁ ጸጉሩን ይነጫል። እኛ ሰፈር ያለ ሽቦ የሚያወራ የነፋስ ስልክ ተተክሎ ስሙም በዚያው የቀረ፣ ገና የጣልያን ወረራ ሳይደርስ ነው። ያኔ ጸጉሩን የነጨ ሰው አልሰማንም።

ወደ መጽሐፉ ልምጣ። ድሮ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ላይ በ1900 ዓ.ም. ልብ ወለድ ታሪክን አሳተመ፣ ትውልድ በሙሉ እሱን እየተዋሰ አነበበ፣ በቃ። ሲራክ ኅሩይ ደግሞ የእንግሊዙን የጆንሰንን ራሴላስ ወደ አማርኛ መለሰልን። እዚያ ውስጥ ክንፍ ሠርቶ ሊበር የተነሣ አንድ ብልህ ሰው አለ፤ ዘለለ፣ ሐይቅ ውስጥ ጧ! በአየር ያልጠቀመው ክንፍ በውኃው ላይ አንሳፍፎ አተረፈው። ሳይንስ ማለት ይሄ ነው፤ የዘለለ ይወድቃል። የዛሬዎቹ ዘለው አይወድቁም።

ከዚያ በ2001 ዓ.ም. ይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳን አመጣ፤ የጣናን ገዳም ከሰላይና ከሳይንስ ጋር አደባልቆ። ቀጥሎ ራማቶሓራ፣ ቀጥሎ ዣንቶዣራ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ላለው ሰው ይሄ ርዕስ ነው ወይስ ፈተና? ሦስተኛውን ለመጽሐፍ አዟሪው ስጠራለት ጥርሴ ሊወልቅ ምንም አልቀረውም። መብራት አጥፍተው ቢተኙ ምን አለ የሚያሰኝ መጽሐፍ ነው፤ ሦስቱንም ሌሊት ሌሊት እያነበብኩ ዓይኔን ጨረስኩ። ወጣቱ አያነብም የሚባለው እውነት ነው። ይሄ የኔው እንደሆነ ስንት ጊዜ ከእጄ ነጥቆኛል!

ሮቦቷንማ አታስታውሱኝ። ሶፊያ የምትባለው፣ አእምሮዋን በከፊል የኛ ልጆች እዚሁ አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ ውስጥ የጎነጎኑላት፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ልትጎበኘን መጣች። ከአካሏ የተወሰነው የነበረበት ሻንጣ ፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ጠፋ። የሰውን ልጅ ትተካለች የተባለችው ሻንጣዋን መጠበቅ አቃታት! እኔ ከደብረ ብርሃን ሁለት በግና አንድ ማሰሮ ቅቤ ይዤ በአውቶቡስ ስመጣ አንድም ነገር ጠፍቶብኝ አያውቅም። በጉ ራሱ ነው አንዴ የወረደው።

የጨዋታው ግን ባሰ። እህቴ ከዋሽንግተን ሣጥን ላከችለት፤ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል፣ አሜሪካኖች በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት። ሕጉ ብቻ ዳዊት ያህላል። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት አምስት ጎረምሳ ይሰበሰብና ጠረጴዛዬን ከቦ ይጮኻል፣ ተራ የሚጠብቅ የለም፣ ታላቅ የለም ታናሽ የለም። እንዴት ያለ ጨዋነት ነበር በሰንጠረዥ ዘመን! ሲጀመር ወረራ ይባላል፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ እንደ ፈቀዳቸው ይነዳሉ። ፈረሱ ሲሮጥ፣ ፊሉ ሲዘል፣ ከዳር የቆመው ሁሉ ሲሳደብና ሲያቅራራ፣ ዝናሩን የፈታም ነበረ። ፀጥታ ነበር፣ ሥርዓት ነበር። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት እንኳ ደንቋቸው ጽፈውበታል። ስለነዚህ ጎረምሶች ማን ይጽፋል?

ዘንዶ ሲመጣባቸው ምን እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። ሃያ ፊት ያላት ዳይስ ያንከባልላሉ! ሃያ ከወጣ ዘንዶው ክፉኛ ይመታል፣ አንድ ከወጣ ሰውዬው ይስታል። ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ቀና ብለው ቢያዩት ምን አለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጦር ነው የያዘው፣ ፈረሱም ነጭ ነው፣ ዳይስ የት አለ? ይህን ላስተምራቸው ብዬ ብቻ ነው ባለፈው ወር እኔም የገባሁት። ስምህንና ኃይልህን ጻፍ አሉኝ። ዋሻ የሚኖር፣ ዕድሜው 300 የሆነ፣ ስድስት አንበሳ የሚያስከትል ባሕታዊ ብዬ ጻፍኩ። የልጅ ልጄ ሕጉን አገላብጦ “አባባ፣ ጀማሪ ስለሆንክ አንድም አንበሳ አይፈቀድልህም” አለኝ። ጀማሪ! በዚህ ሽበት! ተከራክረን ተከራክረን አንድ ድመት ፈቀዱልኝ። ቅዳሜ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ጠረጴዛው የኔ ነው፣ ሻዩም ከኔው ስኳር ነው። ቢያንስ ሁለት አንበሳ ካልተሰጠኝ የሚከፈት በር የለም።