ባለ አራት ዞኑ መርከብ

ነቀምቴ ከባህር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከሰፈራችን ከባኬ ጃማ ተነስቶ ጅቡቲ ወደብ ለመድረስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል። በእንዲህ ያለ ሰፈር የጭነት መርከብ የሚሠራ ሰው ላይ ጎረቤት ቢስቅ አይፈረድበትም። ሳቁ ግን አልቆየም፤ ሁሉም ባለድርሻ ልሁን አለ።

ነገሩን የጀመረው የእህቴ ልጅ ነው። ዘመድ ከውጭ የላከለትን ሌጎ ወለሉ ላይ ዘርግፎ «ኤሱማ፣ መርከብ እንሥራ» አለኝ። ቤት እንሥራ ቢለኝ ይሻል ነበር፤ ለቤት ስም አውጡ የሚል የለም።

ጡቧን አትናቋት። ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ1958 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡባት ናት፤ ስምንት ጉብታ ካላቸው ስድስት ጡቦች ብቻ ከ915 ሚሊዮን በላይ ዓይነት ቅርጽ ይወጣል። ልጁ መርከቡን ከፋፍሎ መሥራት መረጠ፦ አፍንጫው ለብቻ፣ ሆዱ ለብቻ፣ ጅራቱ ለብቻ፤ ከዚያ ማያያዝ። እውነተኞቹም የሚሠሩት እንደዚሁ ነው። አካላቸው በየክፍሉ ተበይዶ ያልቅና በክሬን እየተነሣ ይገጠማል። ጭነት ሲበዛ ወገባቸው ተቆርጦ መሃል ላይ ሌላ ክፍል የሚገባላቸውም አሉ። ይህች የመጨረሻዋ ወሬ ጎረቤት ጆሮ ገባች።

ጣጣው የመጣው በስም ነው። የኢትዮጵያ የንግድ መርከቦች ብዙዎቹ የከተማ ስም አላቸው፦ ጋምቤላ፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ፣ ፊንፊኔ፣ አሶሳ። አሶሳን ልብ በሉልኝ። ከአዲስ አበባ አሶሳ የሚሄድ መኪና በኛ በር ነው የሚያልፈው፤ የመርከቡ ስም ግን እኛን ዘሎ አሶሳ ደረሰ። የክልል ርዕሰ ከተማ አለመሆን ጉዳቱ ይኸው ነው። እናም የኛዋ «ነቀምቴ» እንድትባል ወሰንን።

ቡና ሊጠጣ የገባው የጊምቢ ሰው ሲኒውን አስቀመጠ። «ቡናችን በዓለም ገበያ ‹ለቀምቲ› እየተባለ በእናንተ ስም ሲሸጥ ኖረ። አሁን ደግሞ መርከቡ?» እውነቱን ነው፤ የወለጋ ቡና ባህር የሚሻገረው በድሮው የነቀምቴ አጠራር ነው። ሆዱ «ጊምቢ» ተባለ።

የደምቢ ዶሎው ጎረቤት ታሪክ ይዞ መጣ። «የእናንተ ቡና በበቅሎ ሲጓዝ የእኛ የሳዮ ቡና መርከብ ላይ ነበር!» መልስ አጣንለት። እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ከተደረገው ስምምነት በኋላ እንግሊዞች ጋምቤላ ላይ የንግድ ጣቢያ ከፍተው፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ወደ ካርቱም ይመላለሱ ነበር፤ የቄለም ቡናም በዚያ ወርዷል። (እስከ ጋምቤላ ያደረሰው ያው በቅሎ መሆኑን ዘለላት።) አፍንጫው ከነመልህቁ ለደምቢ ዶሎ ሆነ።

ነቀምቴ ጅራት ላይ ቀረች። የጊምቢው ሰው ደስ አለው፤ ደስታው ግን ልጁ የካፒቴኑን ክፍል አምጥቶ ጅራቱ ላይ እስኪተክለው ድረስ ነበር። የጭነት መርከብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ከኋላ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! ነገሩ የበረደው የካፒቴኑ ክፍል ተነቃይ ሆኖ በየተራ እንዲዞር ሲወሰን ነው። ኮንቴነሩንም ማመጣጠን አልተቻለም። ጭነት በልኩ ካልተደለደለ መርከብ ወገቧ ይጎብጣል፤ እዚህ ግን ሁሉም የሚቆልለው የራሱ ላይ ነው። አንሥተን ልናሳይ ስንል የጊምቢና የነቀምቴ መገናኛ ለቀቀ።

እየጠገንን ሳለ የሻምቡዋ አኮ (አያት) በከዘራቸው በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። «ምሥራቅ ወለጋ አለ፣ ምዕራብ አለ፣ ቄለም አለ። ሆሮ ጉዱሩ ዞን አይደለም?»

ወገቡ ተቆርጦ አራተኛ ክፍል ገባ። ግራጫው ጡብ አልቆ ስለነበር በቢጫ ተሠራ። አኮ ጎንበስ ብለው አዩት።

«ለእኛ ሲሆን ቢጫ?»

«አኮ፣ ቢጫ ከሩቅ ይታያል» አላቸው ልጁ።

ትንሽ አሰቡበት። «እንግዲያው ካፒቴኑም እኛ ላይ ይቀመጥ። እሱም ከሩቅ ይታይ።»