«ጋለብል»፦ በቀብሪበያ የተካሄደ አጭር የተላላነት ጥናት

ትርጓሜ። እንግሊዞች በቀላሉ የሚታለልን ሰው «ጋለብል» ይሉታል። «ቃሉ ከመዝገበ ቃላት ወጥቷል» ብለው ያስወሩና፣ ለማረጋገጥ ገጽ መግለጥ የጀመረውን ሰው ፍቺው አድርገው ያሳያሉ። በእኛ ዘንድ ይኸው ማዕረግ ተላላ፣ ሞኝ፣ ቂል፣ ፋራ እየተባለ በየደረጃው ይሰጣል። አዲስ አበባ ላይ የዳበረው ነባር ንድፈ ሐሳብ «ተላላ ማለት የሰው ቃል አምኖ ገንዘቡን የሚያስረክብ ነው» ይላል። ይህን ለመፈተን ከጅጅጋ ወደ ደገሐቡር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቀብሪበያ ተመርጣለች።

አንደኛ ግኝት። በነባሩ ፍቺ ከሄድን ከተማዋ በተላላ የተሞላች ናት። ሰው ሱቅ ገብቶ ብሩን ለሀዋላ ሠራተኛው ይቆጥርለታል፤ ስልክ ይደወላል፤ ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ስሙን ተናግሮ ገንዘቡን ይቀበላል። በሶማሌ የግመል ገበያም ደላላው በጨርቅ ሥር ጣት እየጨበጠ ዋጋ ይቆርጣል፤ ግመሏ የተሰረቀች ሆና ብትገኝ የሚጠየቀው እሱ ነው። በጣት የተዋዋለ ሁሉ መታለል ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ አይታለልም። ምክንያቱ ሳይንሳዊ ነው፦ አታላዩ የሚሸሽበት አገር ቢያገኝ እንኳ፣ ጎሳው የሚሸሽበት የለውም።

ሁለተኛ ግኝት። የተሟላ ናሙና የተገኘው ከመሀል አገር በመጣው አራዳ ላይ ነው። አራዳ ማንንም አያምንም። ስለዚህም «ኦሪጅናል ነው፣ ኬላ ሳያየው ያለፈ ነው፣ ለአንተ ብቻ ነው» የተባለውን ሞባይል በሩብ ዋጋ ይገዛል። ሻጩን አላመነም፤ ያመነው የገዛ ብልጠቱን ነው። ጅጅጋ ሳይደርስ ስልኩ አልበራም ይላል፤ አራዳውም ለማንም ትንፍሽ አይልም። ይህ ዝምታ ዓለም አቀፍ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ሉስቲግ የተባለ አጭበርባሪ የፓሪስን አይፍል ማማ ለአንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሸጦለት ነበር። ነጋዴው ከኪሳራው ይልቅ ኀፍረቱ ከብዶት ለፖሊስ ሳያመለክት ቀረ።

ንጽጽር። ጥናቱ በግለሰብ ብቻ እንዳይወሰን ተቋምም ተመልክቷል። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ ተመለሰለት፤ ለካስ ወርቅ የተቀባ ብረት ኖሯል። ማኅተሙ፣ ካዝናውና ዘበኛው ግን እውነተኛ ነበሩ።

መደምደሚያ። ነባሩ ፍቺ ተሽሯል። ተላላ ማለት ሰው የሚያምን ሳይሆን «እኔን ማን ያታልለኛል» ብሎ የሚያምን ነው። በዚህ መሠረት የቀብሪበያ ሰው ከመዝገቡ ተሰርዟል፤ በቦታው አራዳው ገብቷል።

ምክረ ሐሳብ። ወደ አካባቢው ለግዢ የሚወርድ ሁሉ አስቀድሞ ደላላ ይያዝ። «ዋስህ ማን ነው?» ሲባል «እኔው ራሴ» ብሎ የሚመልስ ግን ዕቃውን ማየት ሳያስፈልገው ሂሳቡን ቢከፍል፣ ቢያንስ ጊዜ ይቆጥባል።