በዝናብ ቀን ሩጫን የማበላሸት መመሪያ

መጀመሪያ ትንበያውን አትመኑ። ማታ ሰማዩ ቢጠቁርም ጠዋት ይገለጣል በሉና ለጠራ ቀን የሚሆነውን ልብስ ብቻ አዘጋጁ። ወፍራም የጥጥ ካናቴራ ይሁን፤ ጥጥ ውኃውን መጦ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ብብትንና ጡትን እየፈተገ ያቆስላል። ቫዝሊን እንዳትቀቡ። ጫማውም ገና ከካርቶኑ የወጣ ይሁን፤ ያልተላመደ ጫማና የራሰ ካልሲ ሲገናኙ አሥር ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ተረከዝ ውኃ ይቋጥራል።

ይህ ሁሉ የሚጎዳው ባለቤቱን ብቻ ስለሆነ ከጥፋቶቹ ቀላሉ ነው። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። የሚያሳስበኝ ሌላው ሰው የሚከፍልበት ጥፋት ነው።

ለዚያ ከመነሻው ጀምሩ። በእርምጃ ለመጨረስ ያሰባችሁ ከሆነ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ቁሙ፤ ከአራት ጓደኞቻችሁ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዝጉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲጀመር ተሳታፊው 10,000 ያህል ነበር፤ ዛሬ ከ40,000 በላይ ሰው ከመስቀል አደባባይ ይነሣል። ያ ሕዝብ የሚዘፍንበት፣ የሚጨፍርበት፣ ልጁን ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚወጣበት ቀን ነው፤ ማንም እንዲነካው አልፈልግም። ኅዳርም አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። የሴቶቹ ቅድሚያ ለሴቶች የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ግን የሚካሄደው የበልጉ ዝናብ በሚገባበት ሰሞን ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ከፊቱ ሰው ድንገት ሲቆም፣ ከኋላ ያለው ቢያንስ ዞር ብሎ ያልፋል። በረጠበው ላይ ግን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፣ ዞር ሲልም እግሩ ይከዳዋል፤ አንዱ ሲወድቅ ከኋላው የሚመጡት በላዩ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ ሩጫ ማበላሸት የፈለገ ሰው መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሣ፤ ከዚያ የተሻለ ዘዴ የለም።

ቀጥሎ ፌስታሉ። ትልቅ የቆሻሻ ፌስታል ለአንገትና ለእጅ ቀዳዳ አውጥቶ መልበስ ከሩጫው በፊት ባለው ረጅም ጥበቃ ሰውነትን ከዝናብና ከነፋስ ያድናል፤ ርካሽም ነው። ጥፋት ለመሥራት ተኩሱ እንደተሰማ ቅደዱና እግራችሁ ሥር ጣሉት። እርጥብ ፕላስቲክ በእርጥብ አስፋልት ላይ የረገጠውን ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ከሰው ጀርባ ሌላ በማይታይበት ሰልፍ ውስጥ የሚከተለው ሯጭ እግሩ ሥር ያለውን የሚያውቀው ሲንሸራተት ነው። ወደ ዳር ወጥቶ ለአስተናጋጅ መስጠት ወይም ጠቅልሎ ወገብ ላይ ማሰር አሥር ሰከንድ አይወስድም። ጃንጥላም ይዛችሁ ኑ፤ ጫፉ የሚደርሰው ከጎናችሁ ያለው ሰው ዓይን ላይ ነው።

ኩሬ ሲገጥማችሁ ሳታዩ ወደ ጎን ዝለሉ። ጫማው እንደሆነ ከመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ጀምሮ ርሷል፤ ኩሬውን ማምለጥ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ በአጠገብ የሚሮጠውን ሰው ግን ገፍቶ ይጥላል። ጥልቀቱ የማይታወቅ ውኃ ውስጥ በሙሉ ኃይል መርገጥም እንዲሁ ነው። በከተሞቻችን ክዳኑ የጠፋ የጎርፍ ቦይ ብርቅ አይደለም፤ ጎርፍ ሲሞላው ከመንገዱ አይለይም። እሱን አስቀድሞ መክደንና ማጠር የአዘጋጁና የከተማው ግዴታ ነው፤ ሯጭ እግሩን እስኪሰብር የሚጠበቅበት ምክንያት የለም። የሚያዳልጡትን ደግሞ ለይታችሁ ርገጡ፦ የእግረኛ ማቋረጫውን ነጭ ቀለም፣ የማንሆሉን ብረት፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ ኮብልስቶኑን። በተለይ ኩርባ ላይ ፍጥነት ጨምሩ።

ሰዓታችሁንም አትቀንሱ። በደረቅ ቀን ያቀዳችሁትን ሰዓት ዝናቡም ነፋሱም እንዲያከብርላችሁ ጠይቁ። ይህ ከንቱ መሆኑን ያሳየው የቦስተን ማራቶን ነው። ሚያዝያ 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ሯጮቹ ከሆፕኪንተን ሲነሡ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አይበልጥም ነበር፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታል። በውድድሩ ከሁለት ሺህ በላይ ሰው የሕክምና እርዳታ አገኘ። ከዓለም ምርጦች መካከል ብዙዎቹ አቋርጠው ወጡ። የእኛዋ ማሚቱ ዳስካ በዚያ ነፋስ ውስጥ ብቻዋን ረጅም መንገድ መርታ፣ ወደ መጨረሻው ተቀደመች። ከፊት ሆኖ ነፋስ መስበር ምን ያህል ጉልበት እንደሚበላ ያንን ውድድር ያየ ሰው አይረሳውም።

ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ዴዚ ሊንደን ናት፤ 2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ። በቦስተን ሴቶች ውድድር ከ40 ዓመት ወዲህ ይህን ያህል የዘገየ የአሸናፊ ሰዓት አልነበረም። ሁለተኛ የወጣችው ሣራ ሴለርስ የሙሉ ጊዜ ሥራዋ የሰመመን ሕክምና ሲሆን ያ በሕይወቷ ሁለተኛው ማራቶን ነበር። ከወንዶች ያሸነፈው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋኡቺም በወቅቱ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ የዓመት በፊቱን አሸናፊ ጄፍሪ ኪሩይን የቀደመው በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው።

ስለ ሊንደን ከሰዓቱ ይልቅ ሌላ ነገር ልንገራችሁ። ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሰውነቷ እምቢ ብሏት ለማቋረጥ አስባ ነበር፤ ስለዚህም ለአገሯ ልጅ ለሻሌን ፍላናጋን የምትፈልጊው እርዳታ ካለ ንገሪኝ አለቻት። ፍላናጋን መንገድ ላይ መጸዳጃ ቤት ስትገባ ሊንደን ፍጥነቷን ቀንሳ ጠበቀቻት፤ ከዚያ ነፋሱን እየከለለች ከፊተኞቹ ጋር መልሳ አገናኘቻት። ውድድሩን ያሸነፈችው ይህን ካደረገች በኋላ ነው። ስለዚህ በዝናብ ሩጫ ከጎናችሁ የሚሮጠውን እንደ እንቅፋት ቁጠሩት፤ ነፋስ ሲበረታ ተራ በተራ ከፊት መሆንን እንቢ በሉ፤ የወደቀውን አልፋችሁ ሂዱ። ይህን ካደረጋችሁ በእርግጥ አበላሽታችኋል።

ውኃም አትጠጡ፤ ዝናብ ነው እኮ። ላብ ግን በዝናብም ይወጣል፤ ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ስለማይታይ ብቻ ሰው ይረሳዋል።

ከባዱ ጥፋት ግን ከመድረሻው መስመር በኋላ ነው የሚሠራው። እየሮጠ ያለ ሰውነት ሙቀት ያመነጫል፤ ሲቆም ያ ምንጭ ይዘጋል፣ ልብሱ ግን ርሶ እንዳለ ነው። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ሩጫውን እስከ መጨረሻው ማበላሸት የፈለገ ሰው ሜዳልያውን አጥልቆ፣ በራሰ ካናቴራ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ያውራ፤ ደረቅ ልብሱንም አውቶቡስ በሚያስጠብቅ ርቀት ያስቀምጥ። አዘጋጆችም የዕቃ መረከቢያውን ከመድረሻው ሩቅ አድርገው፣ በአንድ መስኮት ሺዎችን ያሰልፉ። ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ ሩጫውን በደኅና ጨርሶ በሰልፍ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰው መታየት የለበትም።

ጓደኛችሁ ሲንቀጠቀጥ ሳቁበት። የጫማውን ክር መፍታት ሲያቅተው፣ ምላሱ ሲተሳሰር፣ እንደ ሰካራም ሲንገዳገድ ደክሞት ነው በሉ። መንቀጥቀጡ ሲያቆም ደግሞ ተሻለው ብላችሁ ተዉት። ገና እንደበረደው እያለ መንቀጥቀጡ የቆመና ግራ የተጋባ ሰው ግን የሰውነቱ ሙቀት በአደገኛ ደረጃ ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ ከ35 ዲግሪ በታች ከሆነ ሐኪም ያስፈልገዋል። ወዲያው የሕክምና ባለሙያ ጥሩለት። እርጥቡን ልብስ አውልቁለት፣ ጭንቅላቱን ጨምሮ በደረቅ ነገር ሸፍኑት፣ ከነፋስ አስጠልሉት፤ እጅና እግሩን አትሹት። ነቅቶ በደንብ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ስጡት፤ አልኮል አትስጡት። ባለሙያው እስኪረከባችሁ ድረስም ከአጠገቡ አትነሡ።