ኩሽናችሁ ከወጥ ነጻ ስለወጣ እንኳን ደስ ያላችሁ

ኮንዶሚኒየም ደርሷችሁ፣ የባንኩን ዕዳ በየወሩ እየገፋችሁ፣ ከተረፈችው ላይ ቆንጥራችሁ ኩሽናችሁን ያሳደሳችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ሥራችሁን አይቼ አፌን በእጄ ይዣለሁ። ነጩ ካቢኔት የሰው መልክ ያሳያል። ጂፕሰሙ ውስጥ የተደበቀው መብራት ሲፈልግ ሰማያዊ፣ ሲፈልግ ሐምራዊ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ንጽሕናው ነው። የዘይት ፍንጣቂ የለ፣ የሽንኩርት ልጣጭ የለ፣ ምድጃው ላይ የገነፈለ ሽሮ የለ። ከየትስ ይመጣል? ወጡ የሚሠራው በረንዳ ላይ ነው።

ነገሩ ሲጀመር እንዲህ ለመራቀቅ ታስቦ አልነበረም። የሲንኩ ቧንቧ ያንጠባጥባል፣ መደርደሪያ የለም፣ ድስቱና ባልዲው ወለል ላይ ተኮልኩሏል። «ትንሽ ነገር እናስተካክል» ተባለ፣ እቁብ ወጣ፣ የተገኘችው ብርም ለዚችው ትበቃ ነበር። ከዚያ ካቢኔት ሠሪው መጣ። ሜትሩን ከኪሱ ከማውጣቱ በፊት ስልኩን አወጣና የሌላ ሰው ቤት ፎቶ አሳየ። ቀጥሎም ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ «እትዬ፣ ይሄ ግን እዚህ ምን ይሠራል?» ሲል ጠየቀ።

እትዬ ዕድሜያቸውን በሙሉ ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ግድግዳው የቁሌቱን ጭስ ከሳሎን እንደሚያግድ አሳምረው ያውቃሉ። ነገር ግን ስልክ ላይ ፎቶ ያለው ሰው ሲጠይቅ ምን ይመለሳል? «እንጃ ልጄ፣ ስንገባም ነበረ» አሉ። በማግስቱ ብሎኬቱ ፈረሰ። በቦታው ባንኮኒ ቆመ፣ ከባንኮኒው ሥር እግረ ረጃጅም ወንበሮች ተደረደሩ፣ ከላዩ የወይን ብርጭቆ ተዘቅዝቆ ተሰቀለ። ቤተሰቡ ቡናውን በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚጠጣ፣ ከዓመት ዓመት ጠላ እንኳ ለፋሲካ ብቻ የሚቀምስ ነው። እትዬ ወንበሩን አንድ ጊዜ ሊወጡት ሞክረው በልጅ ልጅ ድጋፍ ወርደዋል። አሁን የተተኮሰ ልብስ ይቀመጥበታል፤ ለዚያስ ምቹ ነው።

ግድግዳው ሲፈርስ አዲስ ሕግ ታወጀ። ሽንኩርት በቁሌት ላይ እያለ ሽታው ሶፋውንና መጋረጃውን ስለሚይዝ፣ በርበሬ ሲገባም ዜና የሚያዩት አባወራ ስለሚያስነጥሳቸው፣ ኩሽና ውስጥ ወጥ መሥራት ቀረ። ሳሎኑና ኩሽናው ተዋሐዱ፣ ወጥ ተሰደደ። ላቀች ምድጃዋ ከሰሏን ተሸክማ በረንዳ ወጣች። እሷን ተከትለው መክተፊያው፣ ሙቀጫውና የዘይቱ ጀሪካን ወጡ፤ በመጨረሻም እትዬ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይጨመራል።

ስለ ምጣዱም ላውራችሁ። የተለመደው የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። የካቢኔቱ ጠረጴዛ ጥልቀትም 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ በመላው ዓለም የተለመደ ልክ ስለሆነ ካቢኔት ሠሪውን አልወቅስም። ምጣዱ ከነአቃፊው ሲመጣ ግን ጠርዙ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል፣ አክንባሎው ሲነሳ የላይኛውን ካቢኔት ይገጫል፣ እንፋሎቱ ደግሞ በቀጥታ ኤም.ዲ.ኤፉን ያገኘዋል። ኤም.ዲ.ኤፍ ከእርጥበት ጋር ፍቅር የለውም፤ ያብጣል፣ ጠርዙ ላይ የተለጠፈውም ይላቀቃል። ስለዚህ ምጣዱ መኝታ ቤት ገባ። ወደ 3 ሺህ 500 ዋት የሚበላ ዕቃ ነው፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ይስባል። በአንድ ማከፋፈያ፣ ከስልክ ቻርጀርና ከፀጉር ማድረቂያ ጎን ተሰክቷል። ማከፋፈያው በየጋገራው ትንሽ ትንሽ ይጠቁራል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ለምጣዱ ብቻ መስመር ልዘርጋ ብሎ ዋጋውን ሲናገር፣ «ይሄ ደግሞ ሊዘርፈን ነው እንዴ!» ተብሎ ተሸኝቷል። በዚያው ሳምንት ቀለም ለሚቀያይረው መብራት የተከፈለው ገንዘብ ላይ ማንም አልተከራከረም።

ሁድ የሚሉትን ጭስ መሳቢያ ያየሁት አንድ ቤት ውስጥ ነው። ብረቱ የሚያንጸባርቅ፣ በጣት ሲነኩት የሚበራ። ቱቦው በየት እንደሚወጣ ብጠይቅ የትም እንደማይወጣ ተነገረኝ፤ ቱቦው ማለፍ በነበረበት ቦታ ካቢኔት ተሠርቶበታል፣ ካቢኔቱ ውስጥም ለሠርግ የተሰጠ የሳህን ስብስብ ከነካርቶኑ ተቀምጧል። ቱቦ የማይፈልግ፣ ጭሱን በከሰል ማጣሪያ የሚያጠራ ዓይነት እንዳለ አውቃለሁ። እዚህ ቤት ግን ከሰሉ ያለው በረንዳ ነው።

ሲንኩም ለፎቶ የተፈጠረ ነው፤ ጥልቀት የለውም። የዶሮ ወጥ ድስት አፉን እንኳ አያገባም። ድስቱ ሻወር ቤት ይታጠባል፣ እዚያም ለፈረቃ ውሃ በተደረደሩት ጀሪካኖች መሐል ቦታ ከተገኘ ነው። ይህ ሁሉ ካቢኔት ተደርድሮ ሳለ ግማሽ ኩንታል ጤፍ አልጋ ሥር ተኝቷል፣ የበርበሬው ባልዲ ሶፋ ጀርባ ተደብቋል፣ ሽሮው ከአባወራው የክት ልብስ ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ይኖራል። ሰውዬው ለሠርግ ሲለብስ ወጥ ወጥ የሚሸትበትን ምክንያት አሁን ታውቃላችሁ። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ ማለት ይኸው ነው።

ኮንዶሚኒየሞቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመሩ በየግቢው ለጋገራ፣ ለእርድና ለልብስ አጠባ የሚሆን የጋራ ቤት ይሠራ ነበር። ከአራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት በሌለበት፣ ሊጥ ተሸክሞ መውረድ ቀልድ ባይሆንም ሐሳቡ ቢያንስ እንጀራ እንደምንበላ ያስታወሰ ነበር። እኔ በማውቃቸው ግቢዎች ያ ቤት ዛሬ ሱቅ ሆኗል።

አንድ ጎረቤቴ አለ፤ ሲያሳዝን! እሱም በዚያው ሰሞን ኩሽናውን አሳድሶ ነበር። ግድግዳውን አላፈረሰም። ለምጣዱ የብቻው መስመር አስዘረጋ፣ ከወገብ ዝቅ ያለ ጠንካራ የብረት ማስቀመጫ አስበየደለት። ጥልቅ ሲንክ ገዛ፣ ከምድጃው ጀርባ ሴራሚክ አስለጠፈ፣ ግድግዳውን በስቶ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ አወጣ። ለኩንታሉ ከታች መዝጊያ የሌለው ሰፊ ቦታ ተወለት። ብሩም ተረፈው። ምን ዋጋ አለው? ለጥየቃ የመጣ ዘመድ ሁሉ «መቼ ነው የምታሳድሱት?» ይለዋል። ምስኪን፣ ኩሽናውን ወጥ አበላሸበት።

በሌላ ቤት ደግሞ የማሳደሻውን ገንዘብ የላከችው ቤይሩት ያለችው ልጅ ናት። የሰው ኩሽና እየወለወለች ያጠራቀመችው ነው። «እናቴ ዓይኗን ጭስ እንዳይበላት» ብላ ነበር የላከችው። ሥራው ያለቀ ዕለት በስልክ ተደወለላት፤ ወንድሟ ስልኩን ይዞ ካቢኔቱን ከዳር እዳር አሳያት፣ መሳቢያውን በጣቱ ገፋ አድርጎ ድምፅ ሳያሰማ ራሱን ሲዘጋ አሳያት፣ መብራቱን ከሰማያዊ ወደ ሐምራዊ ቀየረላት። ልጅቱ እልል አለች።
«እማዬስ የት ናት? ደስ አላት?»
«አለች፣ በረንዳ ናት። እየመጣች ነው።»
እናትየው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ መጡ። ልጅቱ የደስታ እንባ መሰላት፤ ማንም አላረማትም።

አሁን ደግሞ ካቢኔት ሠሪው አዲስ ሐሳብ ይዞ ብቅ ብሏል። በረንዳው ከሰል በከሰል ሆኖ ከታች ለሚያልፍ ሰው መልኩ አያምርምና፣ በአሉሚኒየምና በመስታወት ተዘግቶ ሁለት ሶፋና አንድ የአበባ ማሰሮ ቢገባበት ጥሩ እንደሚሆን ፎቶ አሳይቷል። የሚቀጥለው እቁብ ለዚያ ተይዟል። እንግዲህ እኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ፣ ደረጃው ጥግ ላይ ለምድጃችሁ የሚሆን ቦታ ከአሁኑ ያዙ፤ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ቀድመዋችኋል።